በበረኪና ያጠብነው ቡልኮ

(በላንቴ በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለእናቶችና ለተማሪ ልጆቻችን የቀረበ ንግግር)



ሙዝ የሚጫንበት ቀን መሆኑን እያወቅን ነው የጠራናችሁ። አይሱዙው መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቃችሁ እንዳላችሁም እናውቃለን፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አንሄድም። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ትምህርት ነው። ነገር ግን ከትምህርቱ በፊት አንድ ጥፋት መናገር አለብን። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሳችን ነው።

ባለፈው መስከረም ለዮ ማስቃላ የእጅ ሥራችንን ለእንግዶች እናሳያለን ብለን ከየቤታችን አሮጌ ነገር ስንሰበስብ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ የሆኑት እናታችን ያን ጊዜ አንድ ቡልኮ ይዘው መጡ። ጥጡን የፈተሉት የእሳቸው እናት ናቸው፤ የሸመኑት ደግሞ አባታቸው፣ ደጋ ዶርዜ ላይ ሳሉ። ጠርዙ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የዱንጉዛ ጥለት አለው። በሁለቱም ትከሻ በኩል ግን ወደ ቡኒ ያደላ የቅቤ እድፍ ነበረበት። እኛም «ይሄማ ለእንግዳ አይታይም፣ ያሳፍረናል» ተባባልን። በሳፋ ውኃ ቀዳን፣ በረኪና ጨመርን፣ ዘፍዝፈን አሳደርነው። በማግሥቱ አሸነው፣ ለሁለት ይዘን ጨመቅነው፣ ሽቦ ላይ ሰቅለን ፀሐይ ሰጠነው። ቆፍጠን እንዲልም አሚዶ አደረግንበት።

ቡልኮው ነጣ። ለሦስት ቀን ደስ ብሎን ሰነበትን። በበዓሉ ዕለት እናታችን አንስተው ሲደርቡት ግን ትከሻው ላይ እንደ ወረቀት ተቀደደ። ቀዩ ጥለትም ደብዝዞ የታጠበ ቲማቲም መስሎ ነበር። እሳቸው አልተቆጡንም። ብቻ ጨርቁን እያዩ «ቅቤው እኮ እናቴ የሠርጓ ዕለት የተቀባችው ነው» አሉን። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ያቺ አነጋገር ብትቆጡን ይሻለን ነበር አሰኝታናለች።

ከእንግዶቹ መካከል የቅርስ ጥገና የተማረች አንዲት ወጣት ነበረች። ጠጋ ብላ ቡልኮውን አየችው እንጂ ወዲያው አልነካችውም። መጀመሪያ እጇን ታጠበች፤ ቀለበቷን አወለቀች። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ማን ፈተለው? የየት አገር ጥጥ ነው? በምን ውኃ ታጠበ? በረኪናው ምን ያህል ነበር? ስንት ሰዓት ቆየ? በደንብ ተለቅልቋል ወይስ አልተለቀለቀም? የመለስንላትን ሁሉ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ከላይም ከታችም ፎቶ አነሣችው። እኛ ደግሞ እየጠበቅናት «ይቺ ልጅ ሐኪም ናት ወይስ መርማሪ ፖሊስ?» እያልን በጎን እንስቅ ነበር።

በረኪናው አልወጣም ነበር። ከተቀደደ በኋላም ጨርቁ ውስጥ ሆኖ ሥራውን እየሠራ ነበር። ስለዚህ ከአልጋ የወረደ አሮጌ ንጹሕ አጎበር አስመጥታ ቡልኮውን በላዩ ዘረጋችው፤ ጨርቁን ሳይሆን አጎበሩን በአራት ማዕዘን ይዘን ዝቅ ከፍ እያደረግን ውኃውን ሦስት አራት ጊዜ ቀየርን። የረጠበ አሮጌ ጨርቅ የገዛ ክብደቱ ሊበጥሰው ይችላል አለችን። ሽቦ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ተኝቶ ደረቀ። የተቀደደውንም በወፍራም ክር አልጠቀመችውም። ከሥሩ ቀጭን ጨርቅ አስደግፋ፣ በድሩና በማጉ መካከል ባለው ክፍተት መርፌዋን እያሾለከች፣ ክሩን ሳትወጋ ያዘችው። «ነገ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ፣ ቡልኮውን ሳይጎዳ የእኔን ስፌት ፈትቶ እንደገና እንዲጀምር ነው» አለች።

ስለ ቅቤው የተናገረችው ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ለእኛ እድፍ የነበረው ለእሷ ጽሑፍ ነው። ቡልኮው ማን እንደለበሰው፣ መቼ እንደለበሰው፣ ምን ዓይነት ቀን እንደነበር የተጻፈበት ገጽ ያ ነበር። በሙያዋ አንድን ነገር ከማጽዳት በፊት «ይሄ ቆሻሻ ነው ወይስ ታሪክ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ካልተመለሰ አይነካም። ጽሑፉን ያጠፋነው እኛ ነን፤ ያ ገጽ ዳግመኛ አይመለስም።

ያን ዕለት ውኃ ስታቀብል የዋለች የአንዲት አባላችን ልጅ አለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ጨርሳለች። አሁን የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ደርሷል። እናቷ ጤና እንድትገባ ትፈልጋለች። ልጅቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ይሄ ምን የሚባል ትምህርት ነው? የት ይማሩታል?» እያለች እኛንም እናቷንም አላስተኛችንም። ስለዚህ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጆች ተሰብስበን ጠየቅን፣ አነበብን፣ የሚያውቁትን ሰዎች አማከርን። ያገኘነውን ነው የምንነግራችሁ። ሌሎቹም ልጆቻችሁ ዘንድሮም ከርሞም ፈተና የሚቀመጡ ናቸውና ይጠቅማቸዋል።

ስናማክር ከእናቶች መካከል አንዷ «ጨርቅ ለማጠብ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ?» ብላ አስቃናለች። እውነቷን ነው፣ ለሰሚው ያስቃል። ግን ቡልኮውን የቀደደው ምን ነበር? ጥጥ ማለት ሴሉሎስ የሚባል ነገር እንደ ረጅም ሰንሰለት ተያይዞ የተሠራ ነው። በረኪና እድፉን ብቻ መርጦ አይበላም፤ ሰንሰለቱንም ቦታ ቦታው ላይ ይበጥሰዋል። የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ያንኑ ሥራ በዝግታ ይሠራል፤ ብርሃን የጎዳውን ጨርቅ ጨለማ ውስጥ ብታስቀምጡት ጉዳቱ ይቆማል እንጂ አይድንም። አሚዶውም ቢሆን ምግብ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ለሚሹለከለኩት ለብርማዎቹ ትንንሽ ነፍሳት ግብዣ አዘጋጅተንላቸዋል ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ኬሚስትሪ ነው፤ ልጆቻችን አስራ አንደኛና አስራ ሁለተኛ ክፍል እየተማሩት «ለምን ይጠቅማል?» የሚሉን ኬሚስትሪ።

ይህን ሙያ በዓለም ላይ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የሚያስተምሩ ቦታዎች አሉ። በአሜሪካ የደላዌር ዩኒቨርሲቲ፣ በብሪታንያ የካርዲፍና የሊንከን ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሳሉ። ምን እንደሚያስተምሩ ስናይ ነገሩ እንደ ምድጃችን በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ሆኖ አገኘነው። አንዱ ጉልቻ ኬሚስትሪ ነው። ሁለተኛው የሥነ ጥበብና የባህል ታሪክ ነው፤ ዕቃው በማን፣ መቼ፣ ለምን እንደተሠራ ካላወቅሽ የቅቤውን እድፍ ታጥቢያለሽ። ሦስተኛው የእጅ ሥራ ነው፤ መሳል፣ መቅረጽ፣ መስፋት፣ ቀለም መበጥበጥ። የጥንቱ ሰዓሊ እንዴት እንደቀባ በእጇ ያልሞከረች ልጅ ሥዕሉን ለመጠገን አትደፍርም፤ ብትደፍርም አይፈቀድላትም። በአሜሪካ ሁለተኛ ዲግሪውን ለመማር የሚያመለክቱ ሰዎች ሦስቱንም መማራቸውን ብቻ ሳይሆን፣ በባለሙያ ሥር ለብዙ ሰዓት በእጃቸው መሥራታቸውንም እንዲያሳዩ ይጠየቃሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ትንሽ ይጠላለፋል። እዚህ ላይ ልጆች ልብ በሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በአክሱም ዩኒቨርሲቲም የአርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል አለ። ስሙ ላይ «አስተዳደር» የሚለውን አስተውሉ። ቅርስ ማስተዳደር ማለት መመዝገብ፣ ማጥናት፣ ሕጉን ማወቅ፣ ሙዚየም መምራት፣ ከኅብረተሰቡ ጋር መሥራት ነው። ቅርስ መጠገን ግን ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በእጅ ማከም ነው። ሁለቱ እህትማማች ናቸው፣ አንድ አይደሉም። በእኛ አገር አስተዳደሩ ከማኅበራዊ ሳይንስ ጋር ሲመደብ፣ ጥገናው የሚፈልገው ኬሚስትሪ ወዲያ ማዶ ተፈጥሮ ሳይንስ ዘንድ ቀርቷል። ሥነ ጥበቡ ደግሞ ሌላ ግቢ ነው፤ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው በሚጠራው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት። ሦስቱ ጉልቻዎች በሦስት ቤት ተበትነዋል ማለት ነው። የዚህ ትምህርት ትልቁ ችግር ይሄ ነው ብለን እናምናለን። ልጃችን የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሆና ሳለ ቅርስን ልምረጥ ብትል መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም።

ያማከርናቸው ሰዎች የሰጡን ምክር ይህ ነው፤ እኛም ተቀብለነዋል። ኬሚስትሪን በመጀመሪያ ዲግሪ ትማር። ኬሚስትሪ እዚሁ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል። ጎን ለጎን መሳል ትለማመድ፣ የታሪክ መጻሕፍት ታንብብ፤ በየክረምቱ ሙዚየም እየሄደች ከባለሙያ ሥር በነጻ ትሥራ። የመመረቂያ ጽሑፏንም ከቅርስ ጋር የተያያዘ ታድርገው፤ ለምሳሌ የድሮው የዱንጉዛ ቀለም ከምን እንደሚገኝና ብርሃን ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ብታጠና ማን ይከለክላታል? ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪውን በቅርስ ጥገና ትቀጥላለች። ይህ መንገድ ለእናቷም ጥሩ ጎን አለው። ቅርሱ ባይሆን እንኳ ኬሚስትሪ የያዘች ልጅ ፋብሪካም፣ ላቦራቶሪም፣ ትምህርት ቤትም አታጣም። እናቷ ይህን ስትሰማ ፊቷ ትንሽ ፈታ ብሏል። ትንሽ ብቻ።

የእናቷን ሥጋት ደግሞ አናቃልልም። በ2014 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሹን ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተናል፤ በየቤታችንም ለቅሶ ነበር። በዚህ ዘመን ያለፈች ልጅ ለቤተሰቧ ሎተሪ ናት። ሎተሪ የደረሰው ሰው «አሮጌ ጨርቅ ልጠግንበት» ሲል የማይደነግጥ ማን አለ?

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከአባቶች መጣ። «ቅርስ ያለው ሰሜን ነው፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር ነው። የላንቴ ልጅ ተምራ ምን ልትጠግን ነው፣ የሙዝ ቅጠል?» አሉን። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጥያቄው እኛንም ቆርቁሮናልና።

ከበላያችን ባለው የጋሞ ደጋ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። እዚያ የተገኘው የአንድ ሰው አጽም 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ውጤቱ ሲታተም፣ ሙሉ የዘር መረጃው ከተነበበለት ከአፍሪካ ጥንታዊ ሰው የመጀመሪያው እሱ ሆኗል። ስሙን ያወጡለት በጋሞኛ ነው፤ ባይራ፣ በኩር ማለት ነው። ያን ያህል ዘመን ሳይጠፋ የቆየው ዋሻው ደጋ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ በመሆኑ ነው። ከዚህ ከዓባያ ዳር፣ ከሙቀቱና ከወበቁ መካከል ቢቀበር ኖሮ የምናነበው ነገር ባልተረፈ ነበር። ቡልኮውንም ያሰነበተው ደጋው ሳይሆን አይቀርም። እኛ ወደ ቆላ አወረድነው፣ ቀጥሎም በረኪና አጠጣነው።

ሸክላውንም እናንሣ። ዋሻውን ካጠኑት ምሁራን መካከል ጆን አርተር የሚባሉት አሜሪካዊ፣ ከዚያ ቀደም ብለው በጋሞ ሸክላ ሠሪዎችና በሸክላ ተጠቃሚ ቤቶች ላይ ለረጅም ጊዜ ጥናት አድርገዋል። መጠጥ የሚጠመቅበት እንስራ ከውስጥ በኩል በእርሾው እየተበላ ይቆረቆራል፤ ይህን ሁላችንም አይተናል፣ «አረጀ» ብለን እንጥለዋለን። እሳቸው ግን የተቆረቆረው እንስራ የት ቤት እንደሚበዛ ቆጥረው፣ ብዙ እህል ለመጠጥ የሚተርፈው ሀብታም ቤት መሆኑን ከእንስራው ሆድ አነበቡ። ከዚህ ተነሥቶ፣ ከሺህ ዓመት በፊት የተሰበረ ገል ሲገኝም ቤቱ የሀብታም ነበር ወይስ የድሃ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ባለቤታቸው ካትሪን አርተር ደግሞ በኮንሶ ድንጋይ ፈልጠው መፋቂያ እየሠሩ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶችን አጥንተዋል። የጥንቱን የድንጋይ መሣሪያ የሠራው ወንድ ብቻ ነው የሚለውን የቆየ ግምት የኮንሶ ሴቶች እጅ አጠራጣሪ አድርጎታል።

ይህን ስናነብ አንድ ነገር አፈርን። እነዚያን እንስራዎች የሚሠሩት ሴቶች እነማን ናቸው? ገበያ ላይ ዕቃቸውን እየገዛን ከእነሱ ጋር ማዕድ የማንቀርብላቸው፣ ዘራቸው የተቆጠረባቸው፣ ለዘመናት መሬት የተነፈጉ እህቶቻችን አይደሉም? በዚህ ማኅበር ውስጥስ ስንት ሸክላ ሠሪ አለች? ሦስት። የመጀመሪያዋ ልትመዘገብ ስትመጣ «እስኪ እንመካከር» ብለን አራት ወር ያመላለስናት መሆኑን ያልሰማ ካለ ዛሬ ይስማ። ባሕር ማዶ ያለ ምሁር ከእነሱ ሊማር ሲመጣ፣ እኛ ጎረቤቶቻቸው የምናስተምራቸው ያለን መስሎን ነበር። ቅርሱን የሚጠግን ሰው ከፈለግን የቅርሱን ባለቤት እያሳነስን አይሆንም። ሸክላው ሙዚየም ገብቶ ሠሪዋ ደጅ ከቀረች ምኑን ጠበቅነው?

የዶርዜንም ቤት አስቡ። በቀርከሃ ሲሠራ እንደ ዝሆን ፊት ቀጥ ብሎ እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ የተበላውን ቆርጠው ሲያወጡት ቤቱ ዝቅ ይላል፤ እንደገና ሲበላ እንደገና ይቆረጣል። አስፈላጊ ሲሆንም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን ከነጣሪያው ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። እንዲህ እያለ አንድ ቤት የባለቤቶቹን ዕድሜ ያህል ይኖራል። እንግዳችን ይህን ስትሰማ እየሳቀች «እኛ በክፍል ውስጥ የተማርነውን እነሱ በቤታቸው ይኖሩበታል» አለች። ምስጡን በመርዝ አልጨረሱትም፤ ቤቱን እንዳይበላሽ ብለው ሲሚንቶ አልለሰኑትም። ከሚበላው ጋር ተስማምቶ መኖርን ያውቃሉ። ሲሚንቶ ካነሣን አይቀር፣ በኖራ በተሠራ የድሮ ግንብ ላይ፣ እንደ ጎንደር ያሉትን ማለት ነው፣ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት ሲሚንቶው እርጥበቱን አላስወጣ እያለ ድንጋዩን ያበላሸዋል። ጠንካራው ነገር ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፤ በረኪናም ጠንካራ ነበር።

ደግሞስ እዚሁ በቅርባችን ሥራ የለም ያለው ማነው? የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ካራት ከተማ ባለው ሙዚየም፣ ተሰርቀው ሊሸጡ ሲሉ የተያዙ ዋካዎች ይገኛሉ፤ እንጨት ናቸው፣ እንጨት ደግሞ የሚንከባከበው ይሻል። ጂንካ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል አለ። ልጃችን እዚህ እዚያ ብትባል ከቤቷ የአንድ ቀን መንገድ አይርቅም።

አሁን ደግሞ መራራውን እንናገር፤ ማር ብቻ ቀብተን ልጅ አንሸኝም።

የሥራ ቦታው ጥቂት ነው። ዋናው ቀጣሪ መንግሥት ነው፤ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ሙዚየሞች፣ የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች። ደመወዙ የመንግሥት ደመወዝ ነው። ዕቃው ብዙ ሆኖ ጠጋኙ ጥቂት ስለሆነ ሥራ ሞልቷል፣ በጀቱ ግን እንደ ሥራው አይደለም። ብዙ ጊዜ ትልልቁ የጥገና ሥራ የሚሠራው በውጭ ድርጅት ገንዘብና ባለሙያ ነው፤ የእኛ ልጅ አጠገቡ ቆማ መሣሪያ አቀባይ ሆና እንዳትቀር የምትችለው ጠንቅቃ ስትማር ነው።

ሴት መሆኗም አለ። ከአገሪቱ ጥንታዊ መጻሕፍትና ሥዕሎች ብዙዎቹ ያሉት በገዳማት ነው፤ እንደ ደብረ ዳሞ ባሉት ሴት አትገባም። ይህን ለመክሰስ አይደለም የምናነሣው፤ ሥርዓታቸው ነው። ግን ልጅ ገና ስትጀምር ማወቅ አለባት። በሌላ በኩል ጨርቁ፣ ሸክላው፣ ጌጡ፣ የቤት ዕቃው ብዙውን ጊዜ በሴት እጅ ነው ያለው፤ ወንድ ባለሙያ ሳጥኑን ክፈችልኝ ቢል የማይከፈትለት ቤት ለእሷ ይከፈትላታል። ወይዘሮ ማሚቱ ይልማ የብሔራዊ ሙዚየም ዳይሬክተር እንደነበሩም ለልጆቻችን እንንገራቸው። በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው ሉሲ፣ ድንቅነሽ፣ ያለችው እዚያ ሙዚየም ነው፤ ሕዝብ የሚያየው ቅጂዋን ሲሆን እውነተኛው አጥንት ለብቻው በጥንቃቄ ተቀምጧል። እኛ ቡልኮውን ለእንግዳ ካላሳየን ብለን አጠፋነው፤ እነሱ ደብቀው አቆዩ።

ስለ ጤናም አንድ ቃል። አንዳንዱ የጥገና ሥራ ከሟሟ ኬሚካልና ከአቧራ ጋር ነው፤ ጓንትና ጭንብል ግዴታ ነው፣ ተከፍቶ የሚሠራበት መስኮት ግዴታ ነው። ጓንቱ የለም ከተባለች «ሥራውም የለም» ማለትን ከአሁኑ ትልመድ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የተሰበሰብነውም ለዚህ ነው። ልጅቱ ኬሚስትሪን እመርጣለሁ ብላለች። እናቷ እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ክረምቱን ለሁለት ወር አዲስ አበባ ሄዳ ያለ ደመወዝ ልምምድ እንድታደርግ የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የምግብ ያስፈልጋታል። ከማኅበሩ ቁጠባ በብድር እንድንሰጣት ጠይቃለች፤ ልመና አይደለም፣ ስትቀጠር ልትመልስ ነው። ባለፈው የሥራ አስኪያጆች ስብሰባ ላይ ስድስት ሆነን ሦስታችን «ይሰጣት»፣ ሦስታችን «ገንዘቡ የሙዝ ችግኝና የመስኖ ቦይ ጥርጊያ ነው» ብለን እኩል ተከፈልን። የቦዩም ነገር እውነት ነው፤ ሐሬ ሲሞላ ደለሉ ምን እንደሚያደርገን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ዛሬ እጅ ታነሣላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አብረን እንሥራ። ቡልኮው እዚህ ነው ያለው። እናታችን ለማኅበሩ በአደራ ሰጥተውናል፤ «ያበላሻችሁት እናንተ፣ የምትጠብቁትም እናንተ» ብለው። ሳይነጣ በታጠበ አቡጀዲ በተጠቀለለ ቱቦ ላይ ጠቅልለነዋል፤ አጣጥፈን አላስቀመጥነውም፣ እጥፋት ያለበት ቦታ ክሩ ይሰበራልና። ሳጥኑ የብረት ስላልሆነ አይዝግበትም። ከመሬት ከፍ አድርገን በአራት ጡብ ላይ አቁመነዋል፤ ምስጥ ሲወጣ መንገዱ በጡቡ ላይ እንዲታየን ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሁለት ሁለት ሆነን እያየን ደብተር ላይ እንፈርማለን። ተራው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የመጀመሪያው ተራ የሸክላ ሠሪ እህታችንና የልጅቱ እናት ነው።

እናታችን ደግሞ ትናንት ሌላ ጨርቅ ይዘውልን መጡ። የታናሽ እህታቸው ነው፤ እሱም የቅቤ እድፍ አለበት። እስካሁን አልነካነውም። ማን ፈተለው፣ ማን ለበሰው፣ ቅቤው የየትኛው ቀን ነው የሚለውን አሁን እሳቸው ይነግሩናል፤ ልጃችን ትጽፋለች። ማየት የምትፈልጉ በተራ ቅረቡ። ውኃና ሳሙናው እዚያ በርሜሉ አጠገብ ነው፣ ቀለበትና አምባር የምታወልቁበት ሰሃንም አለ። ቅባት የተቀባችሁ ግን በዓይናችሁ ብቻ።